ወገብን የሚያጸኑ ጡንቻዎች፦ ከላፍቶ የአትክልት ገበያ እስከ አርሶ አደሩ ማሳ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ በሚገኘው የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ሥራ የሚጀመረው ሰፈሩ ገና ከእንቅልፉ ሳይነቃ ነው። ከፎገራ ሜዳ ቀይ ሽንኩርት፣ ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲም፣ ከሌሎች አካባቢዎች ደግሞ ድንችና ጥቅል ጎመን የጫኑ መኪኖች ተራቸውን ይዘው ይቆማሉ። የመኪናው መዝጊያ ሲከፈት ጫኝና አውራጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ይጠጋሉ፤ ከላይ ያለው ሰው ጆንያውን ያሳርፍላቸዋል፤ እነርሱም ጎንበስ ብለው፣ በጭቃና በሰው መካከል መንገድ እየፈለጉ ወደ መደብሩ ያመራሉ። ለአሥርት ዓመታት ፒያሳ የነበረው ይህ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ላፍቶ ተዛውሯል። ቦታው ቢለወጥም ጭነቱን ከመኪና የሚያወርደው ያው የሰው ጀርባ ነው።

በአማርኛ ወገብ የብርታት መለኪያ ሆኖ መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ለሥራ የቆረጠ ሰው ወገቡን ታጥቆ ተነሣ ይባላል፤ ኀዘን የደረሰበት ደግሞ ወገቤ ተቆረጠ ይላል። በዘመኑ የሕክምናና የስፖርት ዕውቀት ስለ ወገብ ጥንካሬ የሚነገረውም ከዚህ አባባል ብዙ አይርቅም፤ የሚለየው ወገብ የሚባለውን ስፍራ ዙሪያውን፣ ውስጡንና ውጪውን ለይቶ በማሳየቱ ነው። በስፖርት ቤቶች «ኮር» እየተባሉ የሚጠሩት የመካከለኛው አካል ጡንቻዎች የሚያሳስቡት ሆዱ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲታይለት የሚፈልገውን ወጣት ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ከማንም ይልቅ የሚያስፈልጉት ለሚያርሰው፣ ለሚያርመው፣ ለሚሸከመውና ልጅ ወልዳ በማግስቱ ውኃ ለምትቀዳው ሰው ነው።

እነዚህ ጡንቻዎች አንድ ስፍራ ላይ የሚገኙ አይደሉም። ከፊት ለፊት ከደረት አጥንት እስከ ብልት አጥንት የሚወርደው ቀጥ ያለው የሆድ ጡንቻ አለ፤ ብዙ ሰው የሆድ ጡንቻ ሲባል የሚታሰበው እርሱ ብቻ ነው። ከጎንና ከጎን ሰያፍ ሆነው የሚያልፉ ጡንቻዎች ሰውነት ሲጠማዘዝና ሲያዘነብል ይሠራሉ፤ ሰውነት ያለ ውዴታው እንዳይጠማዘዝም ይከለክላሉ። ከሁሉም በታች፣ ሆድን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚከበው ስስ ጡንቻ ይገኛል። ከኋላ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የተዘረጉ ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ፤ ከእነርሱ ሥር ደግሞ አንዱን የአከርካሪ አጥንት ከሌላው ጋር የሚያያይዙ አጫጭር ጡንቻዎች ተቀምጠዋል። የዚህ ሁሉ ጣሪያ ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው፤ ወለሉ ደግሞ ፊኛን፣ ማሕፀንንና አንጀትን ከታች ደግፎ የሚይዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ ነው። የመቀመጫ ጡንቻዎችም ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራሉ።

ጣሪያ፣ ወለልና ዙሪያ ግድግዳ ያለው ነገር ሲዘጋ በውስጡ ግፊት ይፈጠራል። ይህንን ለመረዳት በየመንገዱ የሚገኘው የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። ባዶ የሆነና ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ በእጅ ሲጫኑት ይጨማደዳል። ውኃ ሞልቶ ክዳኑ ሲዘጋ ግን ያው ስስ ላስቲክ ሰው ቢቆምበት እንኳ በቀላሉ አይጎብጥም። የሆድ ዙሪያ ጡንቻዎች፣ የመተንፈሻው ጡንቻና የዳሌው ወለል በአንድነት ሲጠብቁ በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት አከርካሪውን ከፊት በኩል ይደግፈዋል። አከርካሪ ብቻውን፣ ያለ ጡንቻ ድጋፍ፣ የላይኛውን የሰውነት ክፍል ክብደት እንኳ ቀጥ አድርጎ መያዝ አይችልም። ሃያ አራት አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው እንዳይናዱ የሚያደርጋቸው ዙሪያቸውን የተወጠረው ጡንቻና ጅማት ነው፤ ነፋስ በሚበዛበት ስፍራ የቆመ የድንኳን ምሰሶ በገመዶቹ እንደሚጸና ማለት ነው።

በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ተጠቅሷል። ሰዎች ክንዳቸውን በፍጥነት እንዲያነሡ ሲጠየቁ ጤነኛ ወገብ ባላቸው ላይ ያ እንደ መቀነት የሚከበው የሆድ ጡንቻ ክንዱ ከመንቀሳቀሱ በፊት ይጠብቅ ነበር። የወገብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ጡንቻው ዘግይቶ ነበር የሚነሣው። ሰውነት ሸክሙ ከመምጣቱ በፊት መታጠቅ ሲገባው ሸክሙ ከመጣ በኋላ ይታጠቃል እንደ ማለት ነው። መዘግየቱ የሕመሙ ምክንያት ይሁን ውጤት ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል፤ ቢሆንም ወገብ የሚጠበቀው በጡንቻ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ጡንቻዎቹ በጊዜያቸው በመንቃታቸው ጭምር መሆኑን አሳይቷል።

እዚህ ላይ አርሶ አደሩም ሆነ ጫኝና አውራጁ አንድ ጥያቄ ማንሣታቸው አይቀርም፤ ቀኑን ሙሉ በጉልበት ለሚሠራ ሰው ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘውም ሥራውን ራሱን በቅርበት በመመልከት ነው።

በበሬ የሚያርስ ገበሬ በአንድ እጁ እርፉን ይጫናል፤ በሌላው ጅራፉን ይይዛል። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲያገኘው ወደ አንድ ወገን ይስበዋል፤ በሬዎቹ እኩል ካልተራመዱ ሞፈሩ ይዞራል። ገበሬው በዚህ ሁሉ መካከል የሚሠራው ትልቁ ሥራ ሰውነቱ እንዳይጠማዘዝ መቋቋም ነው፤ ይህም በቀጥታ የሰያፍ ጡንቻዎቹ ተግባር ነው። ለጤፍ ማሳው ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ይታረሳልና እርፉን ብዙ ጊዜ በአንድ እጁ የሚይዝ ሰው አንዱ ጎኑ ከሌላው ይልቅ ይደክማል። ቀጥሎ አረም አለ፤ ከዚያ አጨዳ። ማጭድ ይዞ ከጠዋት እስከ ማታ ያጎነበሰ ሰው የወገቡ ጡንቻዎች መጀመሪያ ይሠራሉ፤ ሲደክሙ ግን ሥራቸውን ለጅማቶችና ለዲስኮች ያስተላልፋሉ። ጅማት ለረጅም ሰዓት ሲወጠር እንደ ጠፍር ይላላል፤ ቀና ሲሉም ወዲያው ወደ ቦታው አይመለስም። አጫጁ ቀና ሲል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ የሚለጠጠው ሰውነቱ ራሱ መድኃኒቱን ስለሚያውቅ ነው፤ በየጥቂት ደቂቃው ቢያደርገው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከዚህ የሚታየው ሥራ ጡንቻን ቢያጠነክርም በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ጎን፣ ያለ ዕረፍት መሆኑን ነው። እንቅስቃሴ የሚባለው በመጠን የሚጀመር፣ ቀስ በቀስ የሚጨምርና በመካከሉ ዕረፍት ያለው ነው። የቀን ሥራ መጠኑን የሚወስነው መኪናው ላይ ያለው ጭነት እንጂ የሠራተኛው ጡንቻ አይደለም። በመሆኑም ከጉልበት ሠራተኞች መካከል ክንዱ ብረት፣ ትከሻው ድንጋይ የሆነ፣ ወገቡ ግን አልታዘዝ ያለው ሰው ማየት እንግዳ አይደለም።

የወገብ ሕመም በዓለም ላይ ሰዎችን ከሥራ በማስተጓጎል ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 619 ሚሊዮን ሰዎች በታችኛው ወገባቸው ሕመም ተሠቃይተዋል። ከታማሚዎቹ 90 ከመቶ ያህሉ ላይ ሕመሙን የሚያስረዳ አንድ ተለይቶ የሚታወቅ በሽታ ወይም ስብራት አይገኝም። ይህ ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ በፎቶ ግራፍና በመሣሪያ ተፈልጎ፣ በመርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ተወግዶ የሚያልቅ ነገር አለመሆኑን ያሳያል እንጂ። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ባወጣው መመሪያ ከሚመክራቸው መካከል ትምህርትና የተደራጀ የአካል እንቅስቃሴ ይገኙበታል። ከማይመክራቸው መካከል ደግሞ የወገብ ቀበቶና ድጋፍ ይገኛል።

ይህ የመጨረሻው ለብዙ ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል። ገበሬው ድጉን፣ እናት መቀነቷን፣ ጫኝና አውራጁ ሰፊ ቀበቶውን ጠበቅ አድርጎ መሥራት የኖረበት ነው፤ ሙቀትና የመጽናናት ስሜት መስጠቱም አይካድም። ክፋት የሚኖረው ሰው በቀበቶው ተማምኖ ሊያነሣው የማይገባውን ሲያነሣ ወይም ሕመሙን በቀበቶ አስሮ የገዛ ጡንቻውን ሥራ ፈት ሲያደርግ ነው። የሰው ልጅ ከቆዳው ሥር የተሰጠው መቀነት አለ፤ እርሱን ማጥበቅ መማር ይቻላል።

ስለ ጭነት ክብደት መናገር ግን ግድ ነው፤ ጡንቻን አጠንክሩ ብሎ የጆንያውን መጠን ማለፍ ለተሸካሚው ፍትሐዊ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጁ ሊሸከመው የሚፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ከ55 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ አሳስቧል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ስሌት ደግሞ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ፣ ማለትም ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ መያዣው ጥሩ ሆኖ፣ መጠማዘዝ በሌለበት፣ 23 ኪሎ ግራምን እንደ ገደብ ይወስዳል። በአገራችን ገበያ «ኩንታል» ሲባል 100 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ሸክም የሚያስተማምን አንድም የሆድ እንቅስቃሴ የለም። የጆንያውን ክብደት የሚወስነው ደግሞ ላፍቶ ላይ የሚሸከመው ሰው ሳይሆን ፎገራ ላይ የሚሞላው እጅ ነው። ሽንኩርቱን በ50 ኪሎ ጆንያ የሚያስር አምራች የራሱን ወገብም፣ ያላየውንና የማያውቀውን ሰው ወገብም ያተርፋል። ሽንኩርቱም ቢሆን ተጨፍልቆ መድረሱ ይቀንሳል፤ በሰው ጀርባ ላይ የሚከብድ ጆንያ ሲወረወር መሬት ላይም ይከብዳልና።

አንድ ዕቃ በሚዛን ላይ ያለው ክብደትና በወገብ ላይ ያለው ክብደት አንድ አይደሉም። በጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለ አሳንሰር አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ይህን ሳያውቀው በየሳምንቱ ይፈተሽበታል። ሃያ ሊትር ውኃ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጀሪካኑ ከአከርካሪው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ክንድ ተዘርግቶ ቢነሣ፣ ያንን የሚመክተው የጀርባ ጡንቻ ከአከርካሪው መሐል የሚርቀው በግምት 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ጡንቻው 200 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል መሳብ ይኖርበታል። ያው ጀሪካን ከሰውነት ተጠግቶ ቢነሣ ኃይሉ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናኬምሰን በ1960ዎቹ በሕያዋን ሰዎች ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን በለካበት ጊዜ ያገኘውም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነበር፤ ሰው ወደ ፊት አጎንብሶ ሸክም ሲይዝ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ከቆመበት ጊዜ ይልቅ እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ ዕቃ ሲነሣ ተጠግቶ፣ ከወገብ ይልቅ ከዳሌና ከጉልበት ታጥፎ፣ ሆድን ጠበቅ አድርጎ፣ በመጨረሻም ሰውነትን ሳይሆን እግርን በማዞር መሆን አለበት።

ስለ ሰዓቱም የሚነገር አለ። በሁለት አጥንቶች መካከል የሚገኙት ዲስኮች ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ውኃ ይመጥጣሉ፤ ሰው ጠዋት ሲነሣ ከማታው ይልቅ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ድረስ ሊረዝም የሚችለው ስለዚህ ነው። ያበጠ ዲስክ ሲጎብጥ ይበልጥ ይወጠራል። ከመኝታ ተነሥቶ ወዲያው ማጎንበስና ከባድ ዕቃ ማንሣት ከሁሉም ሰዓት የከፋ ነው። ገበያውም ሆነ እርሻው ግን የሚጠራው በዚያው ሰዓት ነው። ማሳው ከቤት ራቅ ያለ ገበሬ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ተራምዶ ይደርሳል፣ ዲስኩም እስከዚያ ይረጋለታል። በመኪና አልፎ በቀጥታ ጆንያ ሥር የሚገባው ሰው ግን ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀለል ያለውን ማስቀደም ይኖርበታል።

ወንበር ላይ የሚውለው ከተሜ ከዚህ የሚያመልጥ መስሎት እንዳይታለል። የታክሲና የባጃጅ አሽከርካሪ፣ የልብስ ስፌት ሠራተኛና የቢሮ ባለሙያ የሆድና የመቀመጫ ጡንቻዎቻቸው ለሰዓታት ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ማታ ዕቃ ለማዛወር ሲነሡ ወገባቸው ሳይታሰብ የሚያዘው ለዚህ ነው።

የሴቶች ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ያነሰ ይወራለታል፤ ምናልባትም ከሁሉ የበለጠ ሊወራለት ይገባው ነበር። በእርግዝና ጊዜ የሆድ ጡንቻዎች ይለጠጣሉ፤ ቀጥ ያለው ጡንቻ ከመሐሉ ሊለያይ ይችላል። በወሊድ ጊዜ ደግሞ የዳሌው ወለል ይለጠጣል፣ አንዳንድ ጊዜም ይጎዳል። እነዚህ ጡንቻዎች ሳያገግሙ እንስራ ወይም ጀሪካን ማዘል፣ እንጨት መሸከም በሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ ፍለጋ ወደ ታች እንዲገፋ ያደርጋል። ከዚህ የሚከተለው ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ማምለጥና ከፍ ሲልም የማሕፀን መውረድ ነው። ብዙ እናቶች ይህን እንደ ዕድሜ ወይም እንደ ዕዳ ቆጥረው በዝምታ ይኖራሉ። አራስን የማሳረፍ ባህላችን በዚህ ረገድ ጥበብ ነበር፤ ችግሩ ዕረፍቱ አቅም ላለው ቤት ብቻ መቅረቱ ነው።

የዳሌውን ወለል ማጠንከር ግን ገንዘብም ስፍራም አይጠይቅም። አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ዘዴ ሽንትን ለመያዝ የሚያገለግለውን ጡንቻ ለጥቂት ሰከንዶች ማጥበቅ፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ማላላት ነው። ሆድን፣ ጭንንና መቀመጫን ሳይጨምሩ፣ ትንፋሽም ሳይዙ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቡና እየወቀጡ፣ እንጀራ እየጋገሩ፣ ታክሲ እየጠበቁ ማንም ሳያይ የሚሠራ ነው። በእውነተኛ የሽንት ሰዓት ላይ አዘውትሮ ማድረግ ግን አይመከርም። ማሕፀኗ የወረደ ሴት ወይም በወሊድ ከባድ ጉዳት የደረሰባት ግን በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይ።

ለሁሉም ሰው የሚሆኑት እንቅስቃሴዎች ደግሞ በቤት ወለል ላይ ሰሌን ወይም ብርድ ልብስ አንጥፎ የሚሠሩ ናቸው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት «ማጥበቅ» ምን እንደሆነ ነው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ጣቶችን ከእምብርት በታች ግራና ቀኝ አድርጎ ቀስ ብሎ ማሳል። ከጣቶቹ ሥር የሚጠብቀው ነገር የሚፈለገው ጡንቻ ነው። ያንን ጥበቃ ሳያስሉ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ሳይስቡ፣ እየተነፈሱ መያዝ ከተቻለ ትልቁ ሥራ ተሠርቷል። ትንፋሽ ይዞ መጥበቅ ማንም ይችላል፤ እየተነፈሱ መጥበቅ ግን ልምምድ ይፈልጋል።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አከርካሪን ያጠኑት ስቱዋርት ማክጊል ለደከመ ወገብ የመረጧቸው ሦስት እንቅስቃሴዎች በዓለም ዙሪያ ይሠራባቸዋል። አንደኛው በጀርባ ተኝቶ፣ አንዱን ጉልበት አጥፎ ሌላውን ዘርግቶ፣ ሁለቱን መዳፎች ከወገብ ሥር ባለው ክፍተት አስገብቶ፣ ራስንና ትከሻን ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ማድረግ ነው፤ ወገቡ መዳፉ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ አይጎብጥም። ሁለተኛው በጎን ተኝቶ በክንድና በጉልበት ተደግፎ ዳሌን ከመሬት ማንሣት ነው፤ የበረታ ሰው በጉልበቱ ፈንታ በእግሩ ይደገፋል። ሁልጊዜ በአንድ እጁ እርፍ ለሚጨብጥ ገበሬ ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው፤ ሁለቱንም ጎን እኩል ያሠራልና። ሦስተኛው በአራት እግር ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን በአንድ ጊዜ መዘርጋት፣ ከዚያ ማቀያየር ነው። በወገቡ ላይ አንድ ሲኒ ቡና ቢቀመጥ እንዳይፈስስ አድርጎ መሥራት ነው ዋናው ነገር።

እያንዳንዱ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ይያዛል፤ መጀመሪያ ስድስት ጊዜ፣ ትንሽ አርፎ አራት ጊዜ፣ በመጨረሻ ሁለት ጊዜ። ረጅም ደቂቃ እየተንቀጠቀጡ መቆየት ለፉክክር ካልሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከፍ ማድረግ የመቀመጫ ጡንቻዎችን ስለሚያነቃ ከእነዚህ ጋር ቢታከል መልካም ነው። አንድ ደግሞ ለአገራችን ቤት የተሠራ የሚመስል እንቅስቃሴ አለ፤ እስከ አምስት ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ፣ ወደ ጎን ሳያዘነብሉ፣ ሃያና ሠላሳ እርምጃ ሄዶ በሌላው እጅ መመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን እንዲሠራ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ደግሞ ሚዛን የሚጠብቁ እንቅስቃሴዎችን በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጨምሩ ይመክራል። ለአረጋውያን ጥቅሙ ከወገብ ያልፋል፤ በድንጋያማ መንገድ ሲደናቀፉ ከመውደቅ የሚያድነው ይኸው የመካከለኛው አካል ፈጥኖ መንቃት ነው።

የሚጠበቀውን ነገር ከልኩ ባያሳልፉ ይሻላል። የሆድ እንቅስቃሴ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም፤ ቦርጭ የሚቀንሰው በአመጋገብና በአጠቃላይ እንቅስቃሴ ነው። እጅን ከማጅራት አቆላልፎ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፣ በትምህርት ቤት የለመድነው ቢሆንም፣ ለታመመ ወገብ አይመከርም፤ አከርካሪውን እየደጋገመ ያጎብጣልና። በተደጋጋሚ የተካሄዱ ጥናቶች እንዳሳዩትም የመካከለኛው አካል እንቅስቃሴ ለቆየ የወገብ ሕመም ይረዳል፤ በረጅም ጊዜ ግን አዘውትሮ ከመራመድ ወይም ከሌላ እንቅስቃሴ እጅግ የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም። ልዩ ተአምር ያለው አንድ እንቅስቃሴ አለ የሚል ሰው የሚሸጠው ነገር ይኖረዋል። የሚጠቅመው ሳይቋረጥ የሚሠራው ነው።

ሳይቋረጥ በመሥራት በኩል ደግሞ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለንም። በሰሙነ ሕማማት በየቤተ ክርስቲያኑ የሚሰገደው ስግደት፣ በቀን አምስት ጊዜ በመስጊድ የሚደረገው ጎንበስ ቀና፣ ዓላማቸው መንፈሳዊ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከዳሌው መታጠፍን እንዳይረሳ አድርገውታል። እስክስታም እንዲሁ ነው፤ ትከሻ የሚርገበገበው ወገብና ሆድ እንደ ምሰሶ ጸንተው ሲይዙት ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መንገዶቿን በወሩ መጨረሻ እሑድ ለእግረኛ መክፈት ስትጀምር ከየሰፈሩ የወጣው ሕዝብ ብዛት ፍላጎቱ እንደነበረ አሳይቷል። በየአደባባዩ በሚሠራው የጅምላ ስፖርት ግን ለመዝለልና ለመሮጥ የሚሰጠው ጊዜ ብዙ፣ መሬት ላይ ወርዶ ለሚሠራው ጸጥ ያለ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ጥቂት ነው።

ሕመም ላይ ያለ ሰው መቼ እንቅስቃሴ እንደሚጀምርና መቼ ወደ ሐኪም እንደሚሮጥ መለየት አለበት። ወገብ በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሳምንት አልጋ ላይ መቆየት ማገገምን ያዘገያል፤ በሚቻለው መጠን መንቀሳቀስ ይሻላል። እንቅስቃሴ ሲሠራ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ከጨመረ ያንን ማቆም ያስፈልጋል። በመቀመጫና በጭን መካከል ያለው አካል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካልተቻለ፣ እግር ከከዳ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ይገባል፤ ነርቭ እየተጨፈለቀ ሊሆን ስለሚችል ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የክብደት መቀነስ ያለበት የወገብ ሕመም የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ገና አልጠፋም። ጥሬ ወተት የሚጠጣና ከከብት ጋር የሚውል አርብቶ አደርም ሆነ አርሶ አደር ትኩሳት ያለው የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ሲይዘው ከከብት የሚተላለፈውን የብሩሴላ በሽታ መመርመር ይኖርበታል። እነዚህን ሁሉ ወጌሻ ሊያሻቸው አይገባም፤ በኃይል የተጨመቀ የታመመ አከርካሪ ሊሰበር ይችላል።

ለሌላው፣ ማለትም ለብዙው የወገብ ሕመም፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንቅስቃሴውን እየተመለከተ ያስተካክላል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አገልግሎቱ ይሰጣል፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ወደ ባለሙያ የሚሄድ ሰው ሕመሙን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ቢናገር ይጠቅመዋል፤ ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ፣ በየትኛው ትከሻው እንደሚሸከም፣ እርፉን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ፣ ስንት ሰዓት አጎንብሶ እንደሚውል። ወደ ሥራ ሲመለስም በመጀመሪያው ቀን በሙሉ ጆንያ ሳይሆን በግማሽ ጀምሮ፣ ሕመሙ በማግስቱ ካልጨመረ በየጥቂት ቀኑ እየጨመረ መሄድ ይችላል።